ቅባት የጾመ ቆዳ

ሰው አፉ ውስጥ በከተተው ነገር ይወፍራል። ይህን ያህሉን እኔም አውቅ ነበር። በጉልበቱ፣ በክርኑና በተረከዙ የበላው ነገርም ያወፍረዋል የሚል ወሬ ግን እስካለፈው በጋ ድረስ ጆሮዬ ደርሶ አያውቅም፤ ምነው ሳይደርስ በቀረ። እናንተ አንባቢዎቼ፣ ይህን የምታነቡት ገና ከሻወር ወጥታችሁ ከሆነ መጀመሪያ ረጋ ብላችሁ ተቀቡ። እኔ ከዚህ በኋላ በማንም ሰው ቅባት ላይ አልፈርድም።

ነገሩ የጀመረው አዲስ አበባ፣ ቡልጋሪያ የሚባለው ሰፈር አካባቢ ባለች አንዲት ክሊኒክ ነው። የሄድኩት ለሳል ነበር። ለሳል ሄዶ ለሳል ብቻ ታክሞ መመለስ ድሮ ቀረ፤ ዘንድሮ ጉሮሮህን ልታሳይ ሄደህ ደምህን፣ ሽንትህንና ኑሮህን አሳይተህ ነው የምትመለሰው። ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ክፉውንም ደጉንም በአንድ ዓይነት ድምፅ ነው የምትናገረው። ውጤቴን አየችና ስኳሬ ድንበሩ ላይ መቆሙን፣ የደም ቅባቴም ከፍ ማለቱን፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ክብደት ካልቀነስኩ የዕድሜ ልክ መድኃኒት እንደምታስጀምረኝ፣ የታክሲ መያዣ የምትጠቁመኝ ያህል ተረጋግታ ነገረችኝ። ሳሉን ረሳሁት። እሷም ረሳችው።

እዚህ ላይ ቀልዴን ትንሽ ላቆየው። አባቴ ቄራ ሥጋ ቤት የነበረው ሰው ነበር። በቁመናው፣ በሳቁና በቢላ አሳሳሉ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀው ነበር። ስኳር መጀመሪያ ጣቱን ወሰደበት፤ ከዚያ እግሩን፣ ከዚያ ሳቁን፣ በመጨረሻም የቀረውን። እናቴ እስከ መጨረሻው ያንን የተረፈ እግር ስታጥብና ስታሽ ነው የኖረችው። ስለዚህ እኛ ቤት ስኳር ማለት ሻይ ውስጥ የሚገባ ነገር ብቻ አይደለም። የዚያን ዕለት ከክሊኒኩ ወጥቼ ላንቻ ቤቴ እንዴት እንደደረስኩ ዛሬም አላውቀውም።

ለእናቴ ትንፍሽ አላልኩም። ለሚስቴ ለሮማን ግን ነገርኳት። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ የሠራሁት የመጨረሻው ብልህ ነገር ይሄ ስለሆነ ልብ በሉልኝ። ሮማን ተነሥታ ቅቤውን ከነዕቃው ለጎረቤት ሰጠችው፤ ዘይቱንም በማንኪያ ጫፍ መለካት ጀመረች። ከዚያ በኋላ የእኛ ቤት ወጥ ፊቱን የታጠበ ይመስል ነበር።

እኔ ደግሞ ስልኬ ላይ ካሎሪ የሚቆጥር አፕ ጫንኩ። አፑ የት አገር እንደተወለደ ባላውቅም ሽሮ በልቶ እንዳላደገ ግን እርግጠኛ ነኝ። «ሽሮ» ብዬ ስጽፍለት «ሽሪምፕ ማለትዎ ነው?» ይለኛል። የለም፣ ሽሮ ነው ስለው ዝም ብሎ ሽሪምፕ ይመዘግብልኛል። በዚህ ሒሳብ እኔ በዚያ በጋ ላንቻ ቁጭ ብዬ የጨረስኩትን የባሕር ፍጡር ምጽዋ ተወልዶ ያደገ ሰው አልበላውም።

ይሁን። ጥሬ ሥጋ ተውኩ፤ የቄራ ልጅ ጥሬ ሥጋ ሲተው ምን ማለት እንደሆነ የሚገባው ይገባዋል። ማኪያቶ ተውኩ። ሰው ቤት ስሄድ «በሞቴ» ሲሉኝ ሞታቸውን እያየሁ እምቢ አልኩ። ሚዛኑ ግን ንቅንቅ የለም። ጠዋት ጠዋት ጫማዬን፣ ሰዓቴን፣ መነጽሬን አውልቄ እወጣበታለሁ፤ መነጽሬን ስላወለቅሁ ቁጥሩ አይታየኝም፤ ሮማንን እጠራታለሁ፤ ታነብና ያንኑ የትናንቱን ቁጥር ትነግረኛለች።

መሥሪያ ቤታችን ካዛንቺስ ነው። ሰፈሩ ግማሹ ፈርሶ፣ ግማሹ እየተሠራ፣ የእኛ ፎቅ ብቻውን አዛውንት አፍ ውስጥ እንደ ቀረ ጥርስ ቆሞ ነበር። እዚያ ያሬድ የሚባል ወጣት ባልደረባ አለኝ። ያሬድ የማያውቀው ነገር የለም፤ ያወቀውን ሁሉ ያወቀው ደግሞ ከስልኩ ነው። ስለ አውሮፕላን ሞተር፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ኩላሊት ጠይቁት፤ «ማለቴ፣ ሲምፕል ነው» ብሎ ይጀምራል። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሰላጣዬን እንደ ፍየል እያመነዠክሁ በደሌን አወራሁት። እሱም ከእንቅልፌ ስነቃ ጀምሮ የማደርገውን ሁሉ እንድነግረው ጠየቀኝ። ነገርኩት። እነሣለሁ፣ እታጠባለሁ፣ እቀባለሁ፣ እለብሳለሁ…

«ቆይ ጋሼ፣ ምንድን ነው የምትቀባው?»

የኮኮናት ዘይት ነው አልኩት። እዚህ ላይ ስለ ቆዳዬ ጥቂት መናገር አለብኝ። እኔ ደረቅ ሆኜ የተፈጠርኩ ሰው ነኝ። በልጅነቴ እናቴ ገላዬን አጥባኝ ገና ፎጣውን ሳታስቀምጥ ጉልበቴ ላይ በጣት መጻፍ ይቻል ነበር። ስለዚህ ስቀባ እንደ ሰው አልቀባም። ዘይቱ ጠዋት በብርዱ እንደ ሞራ ስለሚረጋ ጠርሙሱን ፍል ውኃ ውስጥ እነክረዋለሁ፤ ሲቀልጥ ከአንገቴ እስከ ተረከዜ፣ ለጥብስ የተዘጋጀሁ እስክመስል ድረስ አፈስበታለሁ። ይህንንም አልደበቅኩትም።

ያሬድ ሹካውን አስቀመጠ። «በቃ፣ አገኘሁት» አለ። «አንተ እኮ በትንሹ አፍህ ጾመህ በትልቁ አፍህ እየበላህ ነው።»

ከዚያ አብራራልኝ። ቆዳ የሰው ልጅ ትልቁ አካል ነው። ሲጋራ ማቆም የሚፈልግ ሰው ክንዱ ላይ ፕላስተር ይለጥፋል፤ መድኃኒቱ በቆዳው ገብቶ ሱሱን ያስታግስለታል። እንግዲህ ያ ከገባ ዘይቱን ማን በር ላይ ያስቆመዋል? እኔ የሒሳብ ትምህርት የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ግን እውነቴን ነው የምላችሁ፣ መልስ አጣሁ። አንተስ ትቀባ የለ ወይ ስለው፣ ፊቱ እንደ ታጠበ ብርጭቆ እያበራ፣ «እኔ ቀጭን ነኝ ጋሼ» አለኝ።

ያን ቀን ቤት እንደገባሁ መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። ጠርሙሱን ወደ መብራቱ አስጠጋሁ። ፊት ለፊቱ ላይ ለምግብም፣ ለፀጉርም፣ ለቆዳም ይሆናል ይላል። ለዓመታት ሳየው ይህ ጽሑፍ ዘይቱን የሚያመሰግን ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እያስጠነቀቀኝ ነበር። ጀርባውን ገልብጬ አየሁት። በአንድ ማንኪያ ይህን ያህል ካሎሪ ይላል። እኔ ደግሞ በማንኪያ ሳይሆን በመዳፌ ሙሉ፣ ያውም ደጋግሜ ነው የምቀባው። በድንጋጤ አመዴ ቡን አለ። አፑ ላይ ሳስገባው ስልኩ ቀይ ሆነ። ለካ በየቀኑ ቁርሴን ሳልቀምስ ምሳዬን፣ እራቴንና የሚቀጥለውን ቀን ቁርስ ጨርሼ ነበር ከቤት የምወጣው።

ለሮማን መንገር ነበረብኝ። አልነገርኳትም። ዘይቱን የምትገዛልኝ እሷ ናት፤ ታዝንብኛለች ብዬ ሰጋሁ። ደግሞ ሮማን አንዴ መሳቅ ከጀመረች በዓመቱም ታስታውሰዋለች። ስለዚህ ትክክል መሆኔ እስኪረጋገጥ በድብቅ ልተው ወሰንኩ። ጠዋት ጠዋት በሩን ዘግቼ ጭኔንና ክንዴን በመዳፌ ጠብ ጠብ አደርጋለሁ፤ ከውጭ ለሚሰማ ሰው እየተቀባሁ ነው። ዘይቱ ሳይጎድል ቀርቶ እንዳያስጠረጥረኝ ደግሞ እያቀለጥኩ ትንሽ ትንሽ ፍሳሹ ውስጥ እደፋለሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ በጠዋት ብርድ የኮኮናት ዘይት ቱቦ ውስጥ መድፋት ምን እንደሚያስከትል እናንተ ቀድማችሁ ደርሳችሁበታል። እኔ የደረስኩበት የመታጠቢያ ቤቱ ውኃ አልሄድ ብሎ እስከ ኮሪደሩ ሲመጣ ነው። የቧንቧ ሠራተኛ ተጠራ። ሽቦውን ልኮ ሲጎትት ነጭ፣ ወፍራም፣ የክንድ ያህል የረዘመ ነገር አወጣና ወለሉ ላይ ዘረጋው። ሮማን አየችው፤ ቀጥሎ እኔን አየችኝ። እኔ ግን አስተያየቷን የምመረምርበት አቅም አልነበረኝም። ያንን ነገር እያየሁ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ይህ እኮ በደም ሥሬ ውስጥ ተኝቶ የነበረው ነው።

ከዚያ በኋላ ጠላቴን በየቦታው ማየት ጀመርኩ። ፀጉር ቤት ጢሜን ተላጭቼ ሰውየው መዳፉን በቅባት አሻሽቶ ሲመጣ ከወንበሩ ዘልዬ ተነሣሁ። ሎሽን የተቀቡ ሰዎችን በክርን ሰላም አልኩ። አንድ ጠዋት ደግሞ ከላንቻ በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ውስጥ ከጎኔ ቅቤ የተቀባች ሴት ተቀመጠች፤ ለጋ ቅቤ፣ በነጠላ የተሸፈነ፣ ደግ ሽታ ያለው። ፀሐይዋ በመስኮት ገባች። ታክሲው ፍሬን በያዘ ቁጥር ወደ እኔ ዘንበል ትላለች። መስቀል አደባባይ ልንደርስ ስንል አንዲት የቀለጠች ጠብታ ኮሌታዬን አልፋ አንገቴ ላይ አረፈች። ትነግሩኝ እንደሆን ንገሩኝ፣ የአንገት ቆዳ ስስ አይደለም ወይ? «ወራጅ አለ» አልኩ። ሴትየዋ የሰደብኳት መስሏት ነጠላዋን ሰበሰበች። እኔም አንገቴን በመሐረብ እየፈተግሁ ቀሪውን መንገድ ሽቅብ በእግሬ ወጣሁት።

ከዚያ ወዲያ ታክሲ ሲያምርሽ ይቅር አልኩ። ጠዋት ከላንቻ ካዛንቺስ በእግር፣ ማታም እንደዚያው። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ሰፊ ነው፤ ማንም አይነካካህም፣ ማንም አይቀባህም።

ሚዛኑ መውረድ ጀመረ።

ወረደ ስላችሁ ቀልድ አይደለም፤ ቀበቶዬን አዲስ ቀዳዳ አስበሳሁለት። ሮማን ቁጥሩን ስታነብ ድምጿ እየቀነሰ መጣ፤ እኔ መገረም መሰለኝ። ለያሬድ ስነግረው ሳይንስ እንደዚህ ነው ብሎ ትከሻዬን ሊነካኝ እጁን ዘረጋ፤ ሎሽን መቀባቱ ትዝ አለኝና ሸሸሁ። እነሆ ማስረጃው፤ ቅባት ትቼ ቀነስኩ። ሌላ ምን ለወጥኩ? ምንም። ማታ ማታ ብቻዬን ስሆን ስለ ዓለም አዘንኩ። ስንት ሰው በየጠዋቱ ራሱን በመዳፉ እየቀለበ ለምን ወፈርኩ እያለ ያለቅሳል አልኩ።

ቆዳዬ ግን ያለቅስ የነበረው በራሱ መንገድ ነው። በጋ ነው፤ ነፋሱ ደረቅ ነው። መጀመሪያ ክርኔ ነጣ፤ ቀጥሎ እጄ፣ ቀጥሎ ፊቴ። የመሥሪያ ቤታችን ጥበቃ አንድ ቀን በር ላይ አስቆመኝና የፍርስራሹ አቧራ መስሎት በደግነት ትከሻዬን መታ መታ አደረገልኝ። ያን ጊዜ ነው አመዴ ቡን ማለቱን በዓይኔ ያየሁት። እኔም አዎ፣ ይሄ የካዛንቺስ አቧራ አስቸገረን አልኩት። ማታ ጥቁር ካልሲዬን ሳወልቅ የጤፍ ዱቄት የነፋሁ ይመስላል። ስብሰባ ላይ ተቀምጬ የጀርባዬ ማሳከክ ሲብስብኝ ስልክ እንደተደወለለት ሰው ወጥቼ የበሩ መቃን ላይ እንደ በሬ ታከክሁ። ተረከዜ ደግሞ ተሰነጠቀ፤ አንድ ቀን ደም አየሁበት። ሁሉንም ቻልኩት። አባቴ ባጣው እግር ፊት ተረከዝ ምን ዋጋ አለው ብዬ።

አንድ ቅዳሜ እናቴን ልጠይቅ ቄራ ሄድኩ፤ በእግሬ ነዋ። ስደርስ ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር፤ አንድ ጆግ ውኃ ቆሜ ጨረስኩ። ተረከዜ ስላመመኝ ጫማዬን አወለቅሁና እግሬን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ሱሪዬ ወደ ላይ ተሰብስቦ ነበር። እናቴ ሳህን ይዛ ስትመጣ ቅልጥሜን አየችው። ሳህኑን ቀስ አድርጋ አስቀመጠችና ተቀመጠች።

ውኃ ብዙ ይጠማሃል ወይ አለችኝ። በጣም አልኳት፤ እውነት ነው፣ ቀኑን ሙሉ እየተራመደ የማይጠማው ማን ነው? ማታ ለሽንት ትነሣለህ ወይ አለችኝ። ያን ሁሉ ውኃ ጠጥቼ እንዴት አልነሣም? ሱሪህ ሰፋህ፣ ከሳህ አለችኝ። አዎ፣ ብዙ ቀንሻለሁ አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። እንዲያ በኩራት በራሱ ላይ የመሰከረ ሰው ፍርድ ቤትም ታይቶ አይታወቅም። እናቴ ከዚያ በኋላ ስለ ሰፈሩ ወሬ አወራችኝ። እጇ ግን ነጠላዋን ጠቅልሎ ይፈታ፣ ጠቅልሎ ይፈታ ነበር። እኔ ብርድ ነው ብዬ መስኮቱን ዘጋሁላት።

ገና ከግቢው ሳልወጣ ለሮማን ደውላ ነበር። ይህን ያወቅኩት ኋላ ነው። ሁለቱ ሴቶች የየራሳቸውን ድንጋጤ አምጥተው አንድ ላይ ገጠሙት፤ የከሳ ሰውነት፣ የደረቀ ቆዳ፣ ጥማት፣ በሩን ዘግቶ ራሱን የሚመታ ባል፣ ቱቦ ውስጥ የተደፋ ዘይት፣ ብቻውን በእግሩ የሚንከራተት ሰው። ሮማን ስለ ድንበሩ ለእናቴ ነገረቻት። ድንበሩን አልፏል፤ ደብቆናል ብለው ደመደሙ።

እሑድ ጠዋት የእግር ጉዞዬን ጨርሼ ስመለስ ደጃችን ላይ የማላውቃቸው ጫማዎች ተደርድረዋል። ገባሁ። የንስሐ አባታችን መምሬ ኃይሌ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። ከጎናቸው የዕድራችን ዳኛ ጋሽ በቀለ አሉ፤ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። እናቴ አለች። ሮማን ዓይኗ ቀልቷል። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል።

ማናችሁም ብትሆኑ የምታስቡትን አሰብኩ። ቄስና የዕድር ዳኛ በጠዋት ተያይዘው የሚመጡት ለአንድ ነገር ነው። መርዶ ነው። ማን ይሆን ብዬ ዘመዶቼን በልቤ ማለፍ ጀመርኩ። እናቴ ይቺውና። ሮማን ይቺውና። እህቴ ትናንት ደውላለች። አጎቴን ዓርብ አግኝቼዋለሁ። የቀረ ሰው አጣሁ። ዞር ብዬ ሳይ ሁሉም እኔን እያዩኝ ነው። ያን ጊዜ ገባኝ፤ የቀረሁት እኔ ነበርኩ። የራሱን መርዶ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ፊቱ ምን እንደሚመስል አላውቅም፤ የኔን ግን መምሬ አይተው ሊደግፉኝ ተነሡ።

አስቀመጡኝና ረጋ ብለው፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያሉ መከሩኝ። ጋሽ በቀለም ዘንድሮ ስኳር ያልነካው ቤት የለም፣ አያሳፍርም ብለው ጨመሩበት። እናቴ መሬት መሬት ታያለች። ከዚያ ሮማን ተናገረች።

«ድንበሩን ካለፈ ለምን አልነገርከኝም? አብረን ነው የጀመርነው።»

እኔ ግራ ተጋብቼ ምንም አልታመምኩም አልኩ። ማንም አላመነኝም። ይህ ሁሉ ቆዳ ታዲያ ምንድን ነው አሉኝ። ሌላ መውጫ አልነበረኝም።

«ቅባት ትቼ ነው» አልኩ።

«ቅቤ?» አሉ ጋሽ በቀለ።

«የገላ ቅባት። ካሎሪ አለው።»

ቀስ እያልኩ አስረዳሁ፤ ያሬድን፣ ፕላስተሩን፣ ጠርሙሱን፣ ትልቁን አፍ። እየተናገርኩ ስሄድ ጉዳዩ ካዛንቺስ የነበረውን ክብደት ላንቻ ላይ እያጣ መጣ። መምሬ ግን ነገሩን አልናቁትም። ካሎሪ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ የምግብ ጉልበት ነው አልኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። እንግዲያው በዓቢይ ጾም ፀጉራቸውን ቅቤ ተቀብተው የሚያስቀድሱት እናቶች ሁሉ ምን ሊባሉ ነው ብለው ደንግጠው ጢማቸውን ያዙ። ብዙ ካሰቡ በኋላ ግን ፊታቸው ተመለሰ።

«ልጄ፣ ለታመመ ሰው ቅብዐ ቅዱስ ስቀባ ኖሬያለሁ» አሉ። «የዳነ አይቻለሁ። የጠገበ ግን አላየሁም።»

መጀመሪያ የሳቁት ጋሽ በቀለ ናቸው፤ ባርኔጣቸው ወደቀ። ሮማን ሳቀች፣ ሳቋ መሃል ላይ ልቅሶ ሆነ፣ ልቅሶው ተመልሶ ሳቅ ሆነ። እናቴ ብቻ ፈገግ እንኳ አላለችም።

«ደሙን ሳላይ አልስቅም» አለች።

ሰኞ ጠዋት ሦስታችን ክሊኒክ ሄድን፤ እኔ መሃል ሆኜ፣ እንደ ተያዘ ሌባ። ደም ሰጠሁና ውጤቱን እስክንጠብቅ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ሮማን፣ «ያሬድን አምነህ እኔን አለማመንህ ነው ያሳዘነኝ» አለችኝ። አንቺ ብትሆኚ ምን ትመልሺልኝ ነበር አልኳት፣ ለመከራከር ያህል። ትንሽ አሰበች።

«አላውቅም እልህ ነበር» አለች። «ከዚያ አብረን ሰው እንጠይቅ ነበር።»

ለዚህም መልስ አጣሁ። ያሬድ ሲያሳጣኝ ግን እንዲህ አላሳፈረኝም ነበር።

ዶክተሯ ጥያቄዬን በዚያው በማይለወጥ ድምጿ መለሰችልኝ። ቆዳ አጥር ነው እንጂ በር አይደለም። ሥራው ውጭ ያለውን ውጭ ማስቀረት ነው። የተቀባ ዘይት አብዛኛው ላይ ላዩን ይቀራል፤ ትንሽ ቢሰርግ እንኳ እንደ ምግብ በሆድና በአንጀት አልፎ አይፈጭም፤ ስለዚህ ማንም አይቆጥረውም። ፕላስተሩ ሌላ ነው፤ በቆዳ እንዲገባ ታስቦ የተሠራ፣ እጅግ ጥቂት የሆነ መድኃኒት ነው። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር የሚሠራው ስጠጣው ብቻ ነው። ጠጥተውታል ወይ አለችኝ። አልጠጣሁም አልኩ።

«ታዲያ እንዴት ቀነስኩ?» አልኳት።

ሌላ ምን ለወጡ አለችኝ። ምንም አልለወጥኩም አልኳት። ወደ ሥራ በምን ነው የሚሄዱት አለችኝ። በእግሬ፣ ከላንቻ ካዛንቺስ፣ ደርሶ መልስ አልኳት። ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እናቴና ሮማን እርስ በርሳቸው ተያዩ። ክፍሉ ውስጥ ነገሩ ያልገባው ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ሲገባው አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ትንሹን አፉን።

ውጤቱ መጣ። ስኳሬ ከድንበሩ ወደ ውስጥ ተመልሷል። የደም ቅባቴም ወርዷል። ዶክተሯ በርቱ ብላ፣ የተሰነጠቀውን ተረከዜን ግን አይታ ተቆጣች፤ ቁጣዋም በዚያው ድምፅ ነው። ስኳር የሚያሰጋው ሰው እግሩ እንዲሰነጠቅ መተው የለበትም፣ አጥሩን ራስዎ አፍርሰው ለበሽታ መግቢያ ከፍተዋል አለችኝ። እኔ እንግዲህ እግሬን ለማዳን ብዬ ነበር እግሬን ለዚህ ያበቃሁት። ይህን ስሰማ የደነገጥኩት ድንጋጤ ከሁሉም ይበልጣል።

እናቴ ደሙን ካየች በኋላም አልሳቀችም። ወደ ላንቻ አላስሄደችንም፤ ቄራ ይዛን ሄደች። በሩ አጠገብ ብርሃን ያለበት ቦታ አስቀመጠችኝና እኔን የሚያህል ጎልማሳ ጫማህን አውልቅ አለችኝ። ዘይት በመዳፏ አሙቃ ከቅልጥሜ ጀመረች። አሻሿን አልረሳችውም፤ ከላይ ወደ ታች፣ በአውራ ጣቷ እየተጫነች፣ ተረከዙ ላይ ስትደርስ እጇ እየሳሳ። ሮማን አጠገባችን ቁጭ ብላ ታያለች። እናቴ አፈሰሰች፣ አሸች፤ እንደገና አፈሰሰች። ዘይቱ እንደነካኝ ይጠፋል፤ ቆዳዬ ዝናብ እንዳገኘ መሬት ነበር።

«የአባትህ እግር በመጨረሻው ጊዜ ዘይት አይቀበልም ነበር» አለች ቀና ሳትል። «ባፈስበት ባፈስበት ላዩ ላይ ይቀር ነበር። ያንተ እይ፣ ይጠጣል።»

ከዚያ ሳቀች። እጇ እግሬ ላይ እንዳለ፣ እንባዋ እየወረደ፣ ድምፅ አውጥታ ሳቀች።

ዶክተሯ ቆዳ አይበላም ብላለች፤ አምናታለሁ። ስለ መጠጣት ግን አልጠየቅናትም፤ እኔም አልጠይቃትም።